በደረጀ ፋንታ ያናገርኳት መኪና

እንደኔ ላለው ሠራተኛ የጡረታ ደብዳቤ የሚጽፍለት መሥሪያ ቤት የለም። ለእኔ ጡረታዬን የነገረኝ ጆሮዬ ነው። አንድ ጠዋት አንዲት ደንበኛ «የኋላ በር ድምፅ ማጉያው ጭርር ይላል» ብላኝ፣ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ደግሞ አስነስቼ ባዳምጥ ምንም የለም። ጎረቤቴን ጎሚስታውን ጠርቼ «ይሰማሃል?» አልኩት። «ታዴ፣ እኔ ጎማ እየነፋሁም ሲሰማኝ ነበር» አለኝ። በሳምንቱ ሱቁን ዘጋሁ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በመኪና ራዲዮ ነው። መጀመሪያ ቴፕ ነበር፣ ከዚያ ሲዲ መጣ፣ በመጨረሻ ስክሪን ሆነ። ስክሪኑ ራዲዮም ነው፣ ስልክም ነው፣ ካርታም ነው፣ የኋላ ካሜራም ነው፤ ሲበላሽ ታዲያ ሁሉም ተያይዞ ይበላሻል። ገቢው ከቤት ኪራይና ከልጆች ትምህርት አልፎ አያውቅም፣ ስለዚህ ስለሱ አላወራም። የማወራው ስለ አንድ ጥፋቴ ነው። እሱን ለማውራት ግን መጀመሪያ ሙያውን ያስተማረኝን ሰው ማስተዋወቅ አለብኝ።

ጋሽ ሽኩር ከራስ መኮንን ድልድይ ወረድ ብሎ ሁለት መኪና ብቻ የምትይዝ ጋራዥ ነበረችው። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ በራዲዮ ጥገና ያደገ፣ ቀጭን፣ ሲቆጣ ድምፁ ይበልጥ የሚቀንስ ሰው ነበር። ሌላው ጠጋኝ መኪናው ገና ሳይቆም ካቻቢቴውን ይዞ ይሮጣል። እሱ እጁን በሳሙና ይታጠባል፣ ከሹፌሩ ጎን ይቀመጣል፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። ከዚያ ባለመኪናውን «እንደ ሁልጊዜህ አድርግ» ይለዋል። ሰውየው ማብራራት ከጀመረ «አትንገረኝ፣ አድርገው» ይላል። ከዚህ በኋላ ጋሽ ሽኩርን ማናገር አይቻልም፤ ዓይኑ የሰውየው እጅ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ቴፑ ካሴት እየበላበት መጣ። እኔ ቴፑን ልፈታ ስነሳ ጋሽ ሽኩር በዓይኑ ከለከለኝ። ነጋዴው እንደ ሁልጊዜው ካሴት አነሳ፤ ያነሳው ከዳሽቦርዱ ላይ፣ ፀሐይ ሲያቃጥለው ከዋለበት ነው። ጋሽ ሽኩር ካሴቱን ተቀብሎ ጉንጩ ላይ አስነካው፣ ቀጥሎ የኔ ጉንጭ ላይ። ትኩስ ነበር። «ቴፑ ጤነኛ ነው፣ ካሴትህን ጥላ ውስጥ አኑር» ብሎ ሳያስከፍል ሸኘው። እኔ በሆዴ ተናደድኩ። ሰውየው ከሄደ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ብትፈታው ኖሮ ጤነኛውን ታሳምመው ነበር» አለኝ። ድምፁ ዝቅ ካለ ተቆጥቷል ማለት ስለሆነ ካቻቢቴውን ወደ ሳጥኑ መለስኩ።

ጋሽ ሽኩር ሲያርፍ ጋራዧ የጫማ መሸጫ ሆነች፣ እኔም ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል በነበረ አንድ ትልቅ ጋራዥ ተቀጠርኩ። አለቃዬ አቶ ፍሥሐ ነጭ ካፖርት የሚለብስ፣ ከእጅ ሰዓቱ ዓይኑን የማይነቅል ሰው ነበር። ስክሪን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ይህን አልክድም። ባትሪ ነቅሎ ጥቂት ማቆየትን፣ የስልክና የመኪናን ብሉቱዝ ከሁለቱም ወገን ሰርዞ እንደገና ማገናኘትን፣ ከዱባይና ከቻይና የመጣውን ቋንቋ መቀየርን ከሱ ነው የተማርኩት። ግን ለየመኪናው የተመደበ ደቂቃ ነበር። ባለመኪናው ከመስታወት ወዲያ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ አጠገባችን አይደርስም። ትንሽ ካቃተኝ አቶ ፍሥሐ ከኋላዬ ይመጣና «አትመራመር፣ ሪሴት አድርገው» ይለኛል። ሪሴት ሲደረግ ስክሪኑ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል፤ ሰው ያስገባበት ሁሉ ይጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። እጄም ለመደው።

ቆይቼ ዶሮ ማነቂያ ጫፍ ላይ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ያኔ በድምፅ የሚታዘዙ መኪኖች በዝተው ነበር። መሪው ላይ ያለችውን ቁልፍ ስትጫን ጢጥ ይላል፣ ከዚያ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ምን ልታዘዝ ትላለች። ሰፈራችን «ሴትዮዋ» ነው የሚላት። አንዳንዱ ክፍለ ሀገር የሚደውል ይመስል ይጮኽባታል። አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ ኮፍያቸውን አውልቀው «እባክዎን ልጄ ጋ ይደውሉልኝ» እያሉ በአማርኛ ይለምኗት ነበር። ሁሉንም የማስተምረው አንድ ነው፤ መስኮት ዝጋ፣ ማቀዝቀዣውን ቀንስ፣ ጢጥ እስኪል ጠብቅ፣ ሰው እንደምታናግር አናግራት። የስልክ ስሞቹንም በላቲን ፊደል አስጽፋለሁ፤ የኛ ፊደል ስክሪኑ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ነው የሚመጣው።

ቆየት ያሉት መኪኖች ደግሞ ሌላ ነገር ነበራቸው። ለአንድ ስልክ ቁጥር የፈለግከውን ቃል በፈለግከው ቋንቋ፣ በራስህ አፍ፣ ሁለት ሦስቴ ትነግራቸዋለህ፤ ይቀርጹታል። ከዚያ ወዲያ ያንን ቃል አንተ ስትለው ይደውላሉ። ሌላ ሰው ቢለው አይሰሙም። ይህን አውቅ ነበር። ማወቄ ነው ዛሬም የሚያንገበግበኝ።

ደረጀ የመጣው አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነው። ፒያሳ ላለ የግል ክሊኒክ ቫን የሚነዳ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ሕመምተኞችን ከቤታቸው ያመላልሳል። ከመኪናው ሲወርድ የተጣጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «መኪናዋ አንዳንዴ ድምፄን አትሰማም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሽተኛ አለብኝ» ይላል።

«ከጀመራት ስንት ጊዜ ሆነው?» አልኩት።

አፉን ከፈተ፣ መንጋጋው ተቆለፈ፣ ዓይኑ ተጨፈነ። «ሁ... ሁ... ሁ...» ጎሚስታው ሥራውን ትቶ ማየት ጀመረ። ሁለት ሳምንት ብሎ እስኪጨርስ ላብ ያጠመቀው እኔን ነው።

ከጎኑ ተቀመጥኩ። እጄንም ታጥቤ ነበር። የቀረኝ እንደ ሁልጊዜህ አድርግ ብሎ ዝም ማለት ነው። ግን ሰውየው ጎሚስታው እያየው እንደዚያ ደግሞ እንዲሰቃይ ማድረግ ነውር መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። «ተወው ወንድሜ፣ አንተ አትድከም፣ እኔ እናገራታለሁ» አልኩት። ስክሪኑ ላይ «በር» እና «ሐኪም» የተባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ አንዱ የክሊኒኩ በር ጠባቂ፣ ሌላው የተረኛው ሐኪም። ቁልፏን ተጫንኩና ድምፄን አሳምሬ «በር» አልኩ። ሴትዮዋ አልተገኘም አለች። «ሐኪም» አልኩ። አልተገኘም። መስኮት ዘጋሁ፣ ማቀዝቀዣ አጠፋሁ፣ ደገምኩ። አልተገኘም። ደረጀ እጁን ወደ መሪው ሰድዶ ሊያሳየኝ ሲል እጁን ቀስ አድርጌ መለስኩለት። «ግዴለም፣ ሲስተሙ ነው የተበላሸው» አልኩና ሪሴት አደረግኩት።

ስክሪኑ ጠቆረ፣ ቆየ፣ የፋብሪካው ምልክት መጣ። ደረጀ ስሞቹ ወደሚቀመጡበት ገጽ ገባ። ባዶ ነው። ወጥቶ እንደገና ገባ። ፊቱን ወደኔ ሲያዞር ምን እንዳደረግኩ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

«እ... እሁድ» አለኝ፣ ቀሪውን ስልኩ ላይ ጻፈልኝ። ከሱ በፊት የነበረው ሹፌር ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ሲነዳ ተጋጭቷል። ከዚያ ወዲህ እየነዳ ስልክ የነካ ሹፌር ይባረራል። ስክሪኑም መኪናው ሲንቀሳቀስ በጣት አይታዘዝም። ሕመምተኛ ይዞ ሲቃረብ ግን መደወል ግዴታው ነው። መናገር አይጠበቅበትም፤ የሱ ቁጥር ከጠራ ጠባቂው ተሽከርካሪ ወንበር ያወጣል፣ ሐኪሙ ወደ በር ይወርዳል። ስለዚህ አራት እሁድ ሙሉ ሰው በሌለበት ቦታ መኪናዋን አቁሞ፣ ብቻውን ተቀምጦ፣ እነዚያን ሁለት ቃላት ሳይሰበሩ እስኪወጡለት ድረስ ሲቀርጽ ከርሟል። እንጀራው የቆመው በነሱ ላይ ነው። እኔ ባንድ ደቂቃ አጠፋኋቸው።

«አሁኑኑ እንደገና እንቀርጻቸዋለን» አልኩ። ለዘጠኝ ሰዓት ብዙ አልቀረም። ቁልፏን ተጫነ። ጢጥ። «በ... በ... በ...» የተሰጠው ጊዜ አለቀ። ሴትዮዋ ድገም አለች። ጢጥ። አፉ ተከፈተ፣ ምንም አልወጣም። አለቀ። የአንገቱ ሥር ተገትሮ ይታየኛል፣ እኔ ደግሞ ከጎኑ ሆኜ ሳላውቀው ከንፈሬን በእሱ ፋንታ አንቀሳቅሳለሁ።

«ረጋ በል» አልኩት።

«ረ... ረጋ በል አይበሉኝ።»

በየሙከራው ወደ ውስጥ መስታወቱ አንገቱን ሲያሰግግ አየሁት። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩ። «ካ... ካልተጠጋሁ አትሰማም» አለኝ። እጄን ወደ ጣራው ሰደድኩ። ጨርቁ አዲስ ነው። ክሊኒኩ በቅርቡ ጣራውን አስለብሶ ኖሮ፣ ልባሱን የሠራው ሰው የማይክሮፎኗን ቀዳዳ ጨርቁን ዘርግቶ ደፍኗት አልፏል። በምላጭ ቀደድኩት። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። መጀመሪያ እንዲናገር ብተወው፣ ሲጠጋ አየው ነበር፣ እጄም ከምላጭ ሌላ ነገር ባልነካ። እዚያው መኪናው ውስጥ ራሴን ጠላሁት።

ሰዓቱ ደረሰ። ደረጀ ቀበቶውን አሰረ። «ብቻህን አትሄድም፣ እኔ ከጎንህ ሆኜ እደውላለሁ» አልኩ። እጁን አነሳ፣ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ሳልጠብቀው በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ከሚገኝ ቤት እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ አሮጊት ጫንን። ሰኞ ኩላሊታቸውን መታጠብ ሲገባቸው ለቅሶ ሄደው ቀርተዋል። እግራቸው አብጧል። «ዛሬስ ልጄ፣ ውኃው ደረቴ ላይ ደርሷል» አሉ ሲቀመጡ። ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስንጀምር ያወሩ ነበር። አደባባዩ ጋ መኪናው ሁሉ ቆመ፣ እኛም ቆምን። ትንሽ ቆይቶ ወሬያቸው ተቋረጠ፣ ትንፋሻቸው ብቻ ቀረ። አጭር ነው፣ እርጥብ ነው። ያኔ ጆሮዬ ደህና ነበር፤ ባይሰማኝ ብዬ ተመኘሁ።

ደረጀ በመስታወቱ አያቸው። አውራ ጣቱ መሪው ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጫነች።

«ሐኪም» አለ።

ጥርት ብሎ ወጣ። አልተሰበረም፣ አልተያዘም። ሴትዮዋ አልተገኘም አለችው። «ሐኪም» አለ ደግሞ፣ እንደ መጀመሪያው ጥርት አድርጎ። አልተገኘም። ከዚያ ቃሉ ከመኪናዋ ውስጥ እንደሌለ ትዝ አለው መሰለኝ፣ አፉን ዘጋ። በዚህ ሙያ ከሰማሁት ድምፅ ሁሉ የሚያሳድደኝ ያ ጥርት ያለ ቃል ነው።

ከመስታወቱ በተንጠለጠለው የክሊኒኩ ካርድ ላይ ቁጥሩ ስላለ በራሴ ስልክ ደወልኩ። ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። ደግሜ ደወልኩ፣ ተዘጋ። ሐኪሙ የማያውቀውን ቁጥር ለምን ያነሳል? የሚጠብቀው የደረጀን ነው። «ስልክህ?» አልኩት። «ኪ... ኪሴ።» ከሸሚዙ ኪስ አወጣሁት፣ ተቆልፏል። በጣት አሻራ ነው የሚከፈተው። ከኋላ እማማ ጥሩነሽ ወንበሩን በጥፍራቸው ይቧጥጣሉ። ስልኩን ወደ እሱ አስጠጋሁ። ስልኩን አየ፣ መንገዱን አየ። እጁን ከመሪው አንስቶ ጣቱን ጫነ። ተከፈተ፣ ደወልኩ፣ ባንድ ጥሪ ተነሳ። «መጣችሁ?» አለ ሐኪሙ። «በጣም እየከበዳቸው ነው» አልኩት። የፊታችን መኪና ተንቀሳቀሰ። ደረጀ እንዴት አድርጎ ፒያሳ እንዳደረሰን አላውቅም፤ አንድም ጊዜ ጥሩንባ አልነፋም።

በሩ ላይ ወንበሩም ሐኪሙም ነበሩ። እማማ ጥሩነሽን ይዘዋቸው ገቡ። በኋላ እንደሰማሁት በዚያው ቀን ታጥበው፣ ቀለል ብሏቸው፣ እራታቸውን አማርጠዋል። እኔ ከፊት ወንበር የደረጀን ስልክ በእጄ ይዤ ስወርድ ግን የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ትርሲት ደረጃው ላይ ቆማለች።

«ደረጀ፣ እኚህ ሰው ማን ናቸው? ከታማሚና ከአስታማሚ በቀር በዚህ መኪና ማንም እንደማይጫን አታውቅም?»

ሱቄ በር ላይ እጁን አንስቶ ሊለኝ የፈለገው ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ደረጀ አፉን ከፈተ። «ጋ... ጋ...» ጠባቂው ያያል፣ ነርሶቹ ያያሉ። አልቻልኩም። ዘልዬ ገባሁና ሁሉንም ዘከዘክኩት፤ ሪሴቱን፣ እሁዶቹን፣ ሁለቱን ቃላት፣ አሻራውን። ይባስ ብዬ «ምስኪን፣ መናገር እኮ አይችልም» አልኩ። ልረዳው ነበር።

ወይዘሮ ትርሲት ወደ እሱ ዞረች። «ስድስት ወር ሙሉ ቁጥብ ሰው ነው እያልኩ ነበር። አንድ ነገር ቢፈጠር መናገር የማይችል ሰው ነው በሽተኛ የሚያመላልስልኝ?» አለችና እጇን ዘረጋች። ደረጀ ቁልፉን አስረከበ። ወደ ድልድዩ ቁልቁል ሲሄድ አላየኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቄ ድረስ መጣ። ልምታህ ቢለኝ እቀበለው ነበር። ይቅርታዬን ልጀምር ስል መዳፉን አነሳብኝ፣ በርጩማዋን ስቦ ተቀመጠ። ጠበቅኩ።

«ወ... ወይዘሮ ትርሲት ጋ እሄዳለሁ። አ... አብረውኝ ይምጡ።»

«እሺ፣ እንዲያውም እኔ በደንብ አድርጌ...»

«እርስዎ ም... ምንም አይሉም። ማ... ማን አጠፋው ካለችኝ አሳያታለሁ። ለ... ለሱ ብቻ ነው የምፈልግዎት።»

ሄድን። ቢሮዋ ውስጥ ሁለት ወንበር ነበር፣ ተቀመጥን። ደረጀ ጀመረ። ስድስት ወር እንደነዳ፣ አንድም ሕመምተኛ እንዳላረፈደበት፣ ማይክሮፎኗን የደፈነው ጨርቅ እንደተነሳ ነገራት። ይህንን እኔ ብናገረው ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ነገር ነው። እሱ ግን በያንዳንዱ ቃል በር ላይ እየቆመ፣ እየገፋ፣ እያላበው ነው የሄደው። ወይዘሮ ትርሲት መጀመሪያ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ትመታ ነበር። ከዚያ ተወችው። አንዴ ፊቷን ወደኔ አዞረች፣ ይጨርሱለት የምትል ይመስል። የወለሉን ንጣፍ አየሁ።

«መ... መናገር እችላለሁ» አላት። «ይ... ይቆያል እንጂ።»

እሁድን ብቻ እንድትሰጠው ጠየቃት። ሰኞ በሩ ላይ ከመድረሱ በፊት ስልኩ ካልጠራ ቁልፉን ራሱ እንደሚያስረክብ ነገራት።

«ይህን ሐሙስ ዕለት ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ጀ... ጀ...»

ተያዘ። በጣም ተያዘ። ዓይኑ ተጨፈነ፣ ጉልበቱ ከጠረጴዛው እግር ጋር ይጋጫል። ወይዘሮ ትርሲት ደግማ ወደኔ ዞረች። ቃሉን አውቀው ነበር፤ ምላሴ ላይ ነበር። ጥርሴን ነከስኩ። አንድ ሰው በሩን አንኳኳ፣ እሷ በእጇ መለሰችው። ጠበቅነው፣ እኔም እሷም።

«ጀምሬ ነበር» አላት።

ወይዘሮ ትርሲት መሳቢያዋን ከፍታ ቁልፉን አወጣች፣ ጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። ማን አጠፋው ብላ አልጠየቀችም፣ እሱም እኔን አላሳያትም።

እሁድ ሱቄን ከፍቼ ይመጣል ብዬ ስጠብቀው ዋልኩ። አልመጣም። ብቻውን ቀርጾ፣ ሰኞ ወንበሩም ሐኪሙም በሩ ላይ ሲጠብቁት እማማ ጥሩነሽን ይዞ ገባ።